የአስታማሚ ትምህርት ወደ ሊማሊሞ ግርጌ የተጓዘበት መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከደባርቅ ወዲያ ደጋው በድንገት ያልቅና፣ ጣልያኖች በ1930ዎቹ ዓመታት ከገደሉ ጎን እየፈለፈሉ ያወጡት የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ፣ ከዚያም ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ከአዲ አርቃይ ማዶ መነኮሳቱ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩበት የዋልድባ ገዳም አለ። በዚህ አገር፣ ሐኪም ቤት ከመተከሉ ከብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ፣ እግሩ የሰለለ፣ አንደበቱ የተያዘ ወይም በየጊዜው እየወደቀ የሚንፈራገጥ ድዉይ የሚኖረው በገዛ ቤቱ፣ ከእሳቱ አጠገብ ባለው መደብ ላይ፣ በሚስቱ ወይም በልጁ እጅ ነበር። ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጸበል ያወርደዋል፤ የንስሐ አባቱ መጽሐፈ ቀንዲልን ይዞ እየመጣ ይጸልይለታል፣ ዘይትም ይቀባዋል፤ የማኅበር ጓደኞቹ ድርሻውን ዳቦ ይዘውለት ይጠይቁታል። በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመጻጉዕን ነገር ስታነብ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ላይ የቈየው ያ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚያነሣው ዘመድ በማጣቱ እንዳዘነ ምእመናኑ ሁሉ ያስተውሉታል።

በቅዳሴው ዘወትር የምናስበው ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት፣ በቂሳርያ ከተማ ዳር፣ ለእንግዶች፣ ለድዉያንና ለለምጻሞች ማረፊያ ሠርቶ እንደ ነበረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመሰክራል። ስለዚህ የስሜን ሰው ድዉይን መውደድን ከማንም የሚማረው ነገር አልነበረውም። የጐደለው ዕውቀት ነበር፤ ይኸውም ሽባውን በየስንት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚገባ፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ምን ዐይነት ምግብ በምን አቀማመጥ እንደሚጐርስ፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ሲወድቅ ምን ማድረግና ምን መተው እንደሚሻል፣ ሕመሙ የማይድን መሆኑም በማን አንደበትና በምን ጊዜ እንደሚነገር የሚያስተምር አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ይህ ትምህርት የተጓዘበትን ረጅም መንገድ ነው፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያስተማረ፣ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ ተማሪውም ከመመረቁ በፊት ሕዝቡ በሚኖርበት ገጠር ወርዶ እንዲሠራ ይገደድ ነበር። መሥራቾቹ ያሰቡት ስለ ወባና ስለ ተስቦ፣ ስለ ወሊድና ስለ ንጹሕ ውሃ እንጂ፣ ስለማይድን ሕመምተኛ አልነበረም። ነገር ግን ባለሙያ ሕዝቡ ካለበት ሄዶ ይማር፣ ብቻውን ሳይሆን ከጓዶቹ ጋር ሆኖ ያገልግል የሚለው ሐሳባቸው በዚህ ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ እኔም ከዚያ ኮሌጅ ሥራ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ሐሳብ ነው። በ1978 በላይፕሲግ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሐኪሞችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ተቋሙም እያደገ ሄዶ የዛሬውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ስለማይድነው ሕመምተኛ የሚያስብ ትምህርት የተነሣው በባዕድ አገር ነው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት፣ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎም በሆስፒታል ውስጥ የችግረኞችን ጉዳይ የምትከታተል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆና ከሠራች በኋላ፣ ሐኪሞች የሚሰሟት ሐኪም ስትሆን ነው ተብላ ተመክራ እንደ ገና ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1957ም ተመረቀች። በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ፣ ማለትም ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት፣ ከፈተች፤ በ1969ም ከዚያው ቤት የሚነሡ ነርሶችና ሐኪሞች ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ መጐብኘት ጀመሩ። ትምህርቷ በጥቂት ቃል ሊነገር የሚችል ነው፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የልቡናም፣ የቤተ ሰብም፣ የነፍስም ሥቃይ በአንድነት የተሣሠረበት ነው፤ የሞርፊን መድኃኒትም ሕመሙ ተመልሶ ሰውየውን እስኪያስጮኸው ሳይጠበቅ፣ በተወሰነ ሰዓት በአፍ ሊሰጠው ይገባል።

ቤቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተቀበለው የካንሰር ሕሙማንን ብቻ አልነበረም። ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ቀስ በቀስ እየሞቱ እጅ እግሩ የሚሰልልበት፣ በኋላም ምላሱና ጉሮሮው የማይታዘዙለት፣ አእምሮው ግን ብዙ ጊዜ ሁሉን እየሰማና እያስተዋለ የሚቈይ ሰውም በዚያ አልጋ ያገኝ ነበር። የነርቭና የአንጎል ሕመም ከሌላው የሚለይበትን ነገር እነዚህ ሕሙማን ለሐኪሞቹ አስተማሩ፤ ካንሰር ብዙውን ጊዜ በወራት የሚቈጠር ትግል ሲሆን፣ የነርቭ ሕመም ዓመታት ይወስዳል፤ አንደበትን ስለሚይዝ ሕመምተኛው የሚሻውን መናገር ሳይችል ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠባይንና ማስታወስን ስለሚለውጥ ሚስት ባሏን በሕይወት ሳለ እንዳጣችው ሆና ታዝናለች። በዚህ ምክንያት ሸክሙ ከሐኪሙ ይልቅ በአስታማሚው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ሆኖም የነርቭ ሐኪሞች ማኅበራት የሳንደርስን ትምህርት፣ ማለትም የማስታገሻ ሕክምናን፣ የሙያቸው ግዴታ አድርገው እስኪቀበሉት ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ፤ የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ የማስታገሻ ሕክምና መርሖችን ማወቅ ለነርቭ ሐኪም የተገባ መሆኑን በይፋ የገለጸው በ1996 ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የነርቭ ሕመም ምን ያህል ቤት እንደሚያጐሳቍል ለሐኪሞች በግልጥ ያሳየው ጓያ ነው። በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ ሜዳ የጓያ ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ጓያ ዝናብ ሲጠፋ ሌላው አዝመራ ሲደርቅ እርሱ ይጸናል፤ በችግር ዘመን ድኻው ለወራት እርሱን ብቻ ይበላል፤ በውስጡ ያለው መርዝ ያን ጊዜ የአከርካሪውን ነርቭ ይጐዳና፣ ይልቁንም ጐልማሳ ወንዶችን፣ እግራቸውን አስተሳስሮ ያስቀራቸዋል። አንዳንዱ በአንድ ምርኵዝ፣ አንዳንዱ በሁለት፣ የባሰበትም በእጁ እየዳኸ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ሕዝቡ ከሚበላው ይልቅ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ይፈራ ነበር፤ ስለዚህ ከድስቱ እየራቀ እህሉን ግን ይበላ ነበር። ሐኪሙ ለታመመው የሚሰጠው ፈውስ ባይኖረውም ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ትምህርት ነበረው፤ ጓያ ብቻውን እንዳይበላ፣ ከሌላ እህል ጋር እንዲቀላቀል፣ ተዘፍዝፎም ውሃው እንዲደፋ፣ ሽባው ሰው ደግሞ በተቀመጠበት የሚሠራው ሥራ እንዲፈለግለት ያስረዳ ነበር። ስለማይድን የነርቭ ሕመም ለባላገር ቤተ ሰብ የሚሰጥ ምክር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ታየ።

ይህንኑ ሕመም ከመረመሩት ምሁራን አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60 ሺሕ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከአንድ ሺሕ ሰው መካከል 5.2 የሚጥል በሽታ እንዳለበት በ1990 አስታወቁ። ያን ጊዜ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኘው እጅግ ጥቂቱ ነበር። ሕሙማኑ ሲወድቁ በእሳት ይቃጠሉ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሕመሙ የሚተላለፍ እየመሰለው በወደቀበት ሰዓት ሊነካቸው ይፈራ ነበርና፣ እሳት ውስጥ የወደቀውን ልጅ ለማውጣት እጅ የሚያመነታበት ጊዜ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የትምህርት ምክንያት እኔ አላውቅም።

በዚህ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የካንሰርን ሕመም በደረጃ በደረጃ የማስታገሥን ሥርዓት አወጀ። በ1993 ደግሞ ዶክተር አን ሜሪማን በካምፓላ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን መሠረቱ፤ በዚያም የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ርካሽ ሽሮፕ ሆኖ ለድኻው ቤት ይደርስ ጀመር። ዩጋንዳ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ በ2004 በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር ይህ ያለውን ዋጋ የሊማሊሞን መንገድ በቃሬዛ የወጣ ሰው ይረዳዋል። የካምፓላውም ቤት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ነርሶችና ሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለእኛ አገር ሥልጠና ጠቃሚ ሆኖ የማገኘው በ1992 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነው። ጸሓፊዋ የውብዳር በየነ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት የባህል ተመራማሪ ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉውን የሕመም ዜና ፊት ለፊት፣ ያለ ዘመድና ያለ ሽማግሌ፣ በአንድ ጊዜ ሲያፈርጡባቸው ሕመምተኞቹ ምን ያህል እንደሚጐዱ አስረዱ። በአሜሪካ ሕግና ልማድ ሐቁን ለሕመምተኛው ራሱ መንገር ለሰውነቱ ክብር መስጠት ነው፤ በእኛ ሥርዓት ግን ክፉ ወሬ የሚነገረው በመርዶ ነው፤ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ዘመድ ሰብስበው፣ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ መጥተው፣ ባለ ኀዘኑን በመካከላቸው አድርገው ያረዱታል። ይህ የአባቶች ጥበብ ነው፤ ማንም ኀዘንን ብቻውን እንዳይሸከም የተሠራ ነው። ጥበቡ ለሞተው ሰው ዘመድ የተሠራ መሆኑን ግን አለማስተዋል አይገባም፤ ሕመምተኛው ገና በሕይወት አለ፣ ዕዳውን ለመክፈል፣ ልጁን ለመዳር፣ ንስሐ ለመግባት፣ ከተጣላው ጋር ለመታረቅ ጊዜ ይሻል፤ ሁሉም ዘመድ ዐውቆ እርሱ ብቻ ሳያውቅ ሲቀር ይህን ጊዜ ይሰረቃል። ዛሬ በማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና ላይ ነርሱ አስቀድሞ ሕመምተኛውን፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይወዳሉ? ማን አብሮን ቢቀመጥ ደስ ይልዎታል?» ብሎ እንዲጠይቅ መማሩ ሁለቱን ሥርዓት የሚያስታርቅ ይመስለኛል።

በ1996 የጎንደሩ የሕክምና ኮሌጅ በዳባት የጤና ምርምር ማእከል አቋቋመ። ሠራተኞቹ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየጊዜው ይመዘግባሉ፤ አንድ ሰው ሲሞትም ወደ ቤቱ ሄደው፣ ምን ያመው እንደ ነበር፣ ሕመሙ በምን እንደ ጀመረና እንዴት እንደ ገፋ አስታማሚውን ይጠይቃሉ፤ ከመልሱም ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ሐኪም ያላየው ሞት ሁሉ ምስክሩ አስታማሚው ብቻ ነውና፣ ያች የዳባት ገበሬ ሚስት የምትሰጠው ቃል የሳይንስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ስለ ሞቱ እንድትመሰክር የምትጠየቀው ሴት፣ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ልትማር ይገባት ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

በጎንደር ሆስፒታል ደግሞ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 በእንግሊዝ አገር ካቋቋሙት የሐሩር አገሮች የጤናና የትምህርት ድርጅት ጋር በመተባበር፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችን የሚጥል በሽታና የስኳር ሕመምን እንዲያክሙ ማሠልጠን ጀመሩ። ሕመምተኛው ወደ ከተማ እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ መድኃኒቱና ዕውቀቱ ወደ እርሱ ወረዱ። ዋናው መድኃኒት ፌኖባርቢታል የቈየና ርካሽ ኪኒን ነው፤ ነገር ግን በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ፣ ያለ ዕረፍት በተከታታይ ጥሎ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በ2009 በወጣ ጥናታቸው ሕሙማን ክትትላቸውን የሚያቋርጡበትን ምክንያት መመርመራቸው ተገቢ ነበር። ኪኒኑን በየማታው የምታስታውሰው እናት ናት፤ ልጁ ዳነ ብላ የምታቋርጠውም እርሷ ናት፤ እርሷን ያላስተማረ ነርስ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

በ2003 በአንድ ዓመት ሁለት ነገሮች ተጀመሩ። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ ነርሶቻቸውም በካንሰርና በኤች አይ ቪ የተጐዱትን ሰዎች ቤት ለቤት እየጐበኙ፣ አስታማሚዎችን እዚያው ከአልጋው አጠገብ ያስተምሩ ጀመር። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ብዙ ወጣት በኤች አይ ቪ ተይዞ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር፤ ቫይረሱ ወይም አብረውት የሚመጡት ተላላፊዎች አንጎሉን ሲነኩት ራሱን የሚያዞረው፣ እግሩ የሚከዳው፣ ዐይኑ የሚፈዝዘው፣ አእምሮው የሚሳሳተው ጥቂት አልነበረም፤ የዕድር አባላትም በበጎ ፈቃድ እየሠለጠኑ ያጥቡትና ይመግቡት ነበር። ሁለተኛው የመንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች ተመድበው፣ 16 የጤና ትምህርት ክፍሎችን ለቤተ ሰብ እያስተማሩ ሞዴል ቤተ ሰብ ያስመርቁ ጀመር። ቤተ ሰብ ራሱ ተማሪ ሆኖ የሚመረቅበት ሥርዓት ከዚያ በፊት አልነበረም። ትምህርቱ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት፣ ስለ ወባ ነበር እንጂ፣ አልጋ ላይ የወደቀውን አያት አይነካም ነበር፤ መንገዱ ግን ተጠርጓል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተከታተለ። በ2005 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኅብረተ ሰቡን መሠረት ያደረገ የተሐድሶ ፕሮግራም ጀመረ፤ የመስክ ሠራተኞቹ በወሊድ ጊዜ አንጎላቸው ተጐድቶ መቀመጥና መራመድ የተሣናቸውን ሕፃናት በየቤታቸው እየጐበኙ፣ እናቶችን እጅ እግር ማፍታታትንና ደግፎ ማስቀመጥን ያስተምራሉ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የነርቭ ሐኪሞች ስፔሻሊስት ሥልጠና ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የሚሻ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። በ2007 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕመም ማስታገሻ መመሪያ አወጣ። ወይዘሮ ክብራ ከበደም፣ ራሳቸው በሕመሙ የተያዙ ሆነው ሳለ፣ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅትን አቋቁመው ሕሙማኑንና ቤተ ሰባቸውን ያሰባስቡ ጀመር። በ2014 የዓለም የጤና ጉባኤ በውሳኔ ቍጥር 67.19 መንግሥታት የማስታገሻ ሕክምናን ለሐኪምና ለነርስ ተማሪ ሁሉ መደበኛ ትምህርት እንዲያደርጉ፣ የሚያስታምሙ ቤተ ሰቦችንና በጎ ፈቃደኞችንም እንዲደግፉ አሳሰበ፤ በ2016ም ኢትዮጵያ ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያዋን አሳተመች።

እዚህ ላይ፣ በማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና አስታማሚው ምን እንደሚማር ጊዜ ወስዶ መናገር ያስፈልጋል። በስትሮክ ጐኑ የሰለለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ፣ ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ግርጌ ይቈስላል፤ ቍስሉም እስከ ዐጥንት ይዘልቃል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ሕመምተኛውን ሳይጐትት እንዴት እንደሚያዞረው፣ በጕልበቶቹ መካከል ጨርቅ እንዴት እንደሚያኖር በጓደኛው ላይ እየሠራ ይማራል። ጉሮሮው የደከመ ሰው ከወፍራም ምግብ ይልቅ ውሃ ትን ይለዋል፤ ይህ ለብዙ አስታማሚ እንግዳ ነገር ነው፤ ለታመመ ሰው የሚቀርበው ቀጭን ሾርባና ውሃ ነውና። ስለዚህ ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አስደርጎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት ወይም ለስላሳ ገንፎ በትንሹ መስጠት፣ አፉም ባዶ መሆኑን አይቶ ሌላውን ማጕረስ፣ ከበላ በኋላም ወዲያው አለማስተኛት ይገባል። ፍቅር ሲበዛ ጕርሻ ይበዛል፤ ጕርሻውም ወደ ሳንባ ይገባል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሲወድቅ በአገራችን ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ብረት ማስያዝ፣ በጥርሱ መካከል እንጨት ማስገባት የተለመደ ነው። ሥልጠናው ይህን ሁሉ ያስተዋል፤ ከእሳትና ከገደል አርቆ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አኑሮ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለማግባት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቈየ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ይበቃል። መናገር የተሳነው ሰው በዐይኑ ሽፋሽፍት እሺና እንቢ እንዲል ማለማመድ፣ ሞርፊን የሚወስደው ሰው ሆዱ እንዳይደርቅበት የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መስጠት፣ አስታማሚዋ ራሷ እንድታርፍ እኅት ወይም ጎረቤት ተራ እንዲይዝ ማድረግ፣ እነዚህም የትምህርቱ ክፍሎች ናቸው። ካህናት በዚህ ሥልጠና ቢገኙ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ንስሐ አባት «ኪኒንህን እየዋጥህ ተጠመቅ» ያለው ልጅ ጸበልንና መድኃኒትን ለመምረጥ አይጨነቅም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው የዕብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሕመምተኛው ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይኰማተራል፣ ነፋስና ብርሃን ያስፈራዋል፣ በመካከሉም አእምሮው ተመልሶ ዘመዱን ያውቃል። በገጠር እንዲህ ያለ ሰው በገመድ ታስሮ ሲሞት የታየበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዘመዱ ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን፣ ሌላ የሚያደርገውን ስላላወቀ ነው። ጸጥ ያለ ጨለማ ክፍል፣ የሚያረጋጋ መርፌ፣ ጓንት ያደረገ ደፋር አስታማሚና የቤተ ሰቡ መከተብ፣ ይህን ሞት የሰው ሞት ያደርጉታል። ይህን የሚያውቅ ነርስ በየጤና ጣቢያው ሊኖር የሚገባው ስለዚህ ነው።

በ2021 ክረምት በትግራይ የተነሣው ጦርነት ወደ አዲ አርቃይ ደረሰ። ሕዝቡ ልጁንና ሽማግሌውን ይዞ ሊማሊሞን ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወጣ፤ በየትምህርት ቤቱ ተጠለለ፤ ከዚያም ዳባት ራሷ የውጊያ ሜዳ ሆነች። በዐማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቈሰለው ሰው ቀድሞ ይታያል፣ መታየቱም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በየማታው ፌኖባርቢታል ይወስድ የነበረው ልጅ፣ መራመድ የማትችለው አሮጊት፣ የግፊት መድኃኒታቸው ያለቀባቸው አባት በሰልፉ ጫፍ ይቀራሉ። አስታማሚው ያወቀው ነገር ሊዘረፍ የማይችል ብቸኛው ንብረት መሆኑ ያን ጊዜ ይታያል።

በግንቦት 2022 የዓለም የጤና ጉባኤ ስለሚጥል በሽታና ስለ ሌሎች የነርቭ ሕመሞች ከ2022 እስከ 2031 የሚዘልቅ የተግባር ዕቅድ ተቀበለ። ከሥራዎቹ መካከል የጤና ሠራተኞችን ማሠልጠንና አስታማሚዎችን መደገፍ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ርእስ ሰፍረዋል፤ እስከ 2031 የሚጥል በሽታ ሕክምና ሽፋን በ2021 ከነበረበት በ50 በመቶ እንዲጨምር፣ ከአገሮቹም 80 በመቶው አስፈላጊዎቹን መድኃኒቶች እንዲያቀርብም ተወስኗል። ይህ ዕቅድ በአዲ አርቃይ ሊፈጸም ከሆነ፣ ኪኒኑ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ሊጠፋ አይገባም፤ ነርሱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤተ ሰቡና ከቄሱ ጋር በአንድ አዳራሽ ሊቀመጡ ይገባል፤ አዳራሹም ሽባውን ትቶ መሄድ የማይችል አስታማሚ ሊደርስበት ከሚችል ስፍራ፣ ከሊማሊሞ በታች መሆን አለበት፤ ጊዜው ደግሞ እህሉ ተወቅቶ ጐተራ ከገባ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በጥር ወር ቢሆን ገበሬውም ሚስቱም ሊመጡ ይችላሉ።